«ይጠብቃል»፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ የብስክሌት ማርሽ መቀየሪያ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በኤሌክትሪክ ኃይል ማርሽ የሚቀይሩ የብስክሌት ዕቃዎች እንዴት እንደሚገጠሙ፣ ልካቸው እንዴት እንደሚወጣና በምን አኳኋን እንደሚያዙ የሚያስረዳ መምሪያ ሲሆን፣ በስተመጨረሻው የእንግሊዝኛና የአማርኛ ቃላትን ጎን ለጎን ያሰፈረ ዝርዝር ተያይዞበታል። የተርጓሚውን ስም እዚህ አናነሣም፤ የምንተቸው ሥራውን ነውና። ከዚህም በላይ በረቂቁ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች የሙያ ቃላትን በመሰየም ሥራ ላይ የተሰማራን ሁላችንም በየጊዜው የምንሠራቸው ናቸው።

አንዳንድ አንባብያን፣ በአገራችን በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ስለሚገኝ ውድ ዕቃ ይህን ያህል መጻፍ ምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። ብስክሌት ግን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚያ ደረጃ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች የሚነዱት ብስክሌት ማርሹን በኤሌክትሪክ የሚቀይር ነው። ዕቃው ከወጣ በኋላ ወሬውና መለዋወጫው፣ በመጨረሻም ጥገናው ወደ አገር መግባቱ አይቀርም። ስያሜው ዕቃውን ቀድሞ ቢገኝ ይሻላል።

ረቂቁን የመረመርነው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ በጠረጴዛ ላይ አነበብነው። ቀጥሎም ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሌላ ሥራ በሄድንበት ጊዜ ይዘነው ሄደን፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሸኮ ላይ ለብስክሌትና ለሞተር ብስክሌት ጠጋኞች አስነበብነው። ጠጋኞቹ ይህን ዕቃ አይተውት አያውቁም፤ ይህንንም እያወቅን ነው ያደረግነው። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ቃሉ ቢሳሳት እንኳ በልምዱ አቃንቶ ይረዳዋል፤ ዕቃውን የማያውቅ ግን ከቃሉ በቀር የሚይዘው የለውም። በተጨማሪም በዚህ አካባቢ አማርኛ የብዙ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በቤቱ ሸኮኛ፣ ቤንችኛ፣ ካፍኛ ወይም መዠንግርኛ የሚናገር ሰው በገበያና በመሥሪያ ቤት በአማርኛ ይገናኛል። ስለሆነም አንድ የአማርኛ የሙያ ቃል በእርግጥ የጋራ መግባቢያ መሆን አለመሆኑን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

1. ስለ መሣሪያው አሠራር በአጭሩ

ሂሱን ለመከታተል የዕቃውን አሠራር ማወቅ ስለሚያስፈልግ ባጭሩ እንገልጸዋለን። በተለመደው ባለ ማርሽ ብስክሌት ላይ ብስክሌተኛው በመሪው አጠገብ ያለውን እጀታ ሲገፋ ቀጭን የብረት ገመድ ይሳባል፤ ገመዱ በኋለኛው ጎማ አጠገብ የተንጠለጠለውን ካምቢዮ ይጎትታል፤ ካምቢዮውም ካቴናውን ከአንዱ ክብ ጥርስ አንሥቶ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። በኤሌክትሮኒኩ ላይ ገመዱ የለም። ብስክሌተኛው ቁልፍ ሲጫን መልእክቱ በሽቦ ወይም ያለ ሽቦ ይተላለፋል፤ በካምቢዮው ውስጥ ያለ ትንሽ ሞተርም ካምቢዮውን ወደሚፈለገው ቦታ ይወስደዋል። የፈረንሳዩ ማቪክ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዲህ ያለ ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ ነገሩ በስፋት የተለመደው ግን የጃፓኑ ሺማኖ በ2009፣ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ በ2011፣ የአሜሪካው ስራም ደግሞ ያለ ሽቦ የሚሠራውን በ2015 ካቀረቡ በኋላ ነው።

ዕቃውን ለሥራ ለማብቃት የሚደረጉት ዋና ዋና ተግባራት አራት ናቸው። አንደኛ፣ ካምቢዮው የተሰቀለበት መንጠልጠያ በውድቀት ወይም በግጭት ጎብጦ ከሆነ መቅናት አለበት። ሁለተኛ፣ በካምቢዮው ላይኛ ትንሽ ባለ ጥርስ መንኮራኩርና በትልቁ ክብ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ልኩን መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ ካምቢዮው በእያንዳንዱ ክብ ጥርስ ትክክለኛ አንጻር እንዲቆም፣ በቁልፍ እየታዘዘ በትናንሽ እርከኖች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ፈቀቅ ይደረጋል። አራተኛ፣ ካምቢዮው ከመጨረሻዎቹ ክብ ጥርሶች አልፎ እንዳይሄድ የሚያግዱት ሁለት ብሎኖች በልካቸው ይዞራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና አራተኛው በመፍቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ የኤሌክትሮኒክ ሥራ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡናው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ የሂሳችን ዋና ነገር በእርሱ ላይ ይመሠረታልና።

2. የስሞች ጉዳይ

የረቂቁ አዘጋጅ ብዙ የደከመው ለዕቃዎቹ ስም በማውጣት ላይ ነው። ካምቢዮ የተባለውን ዕቃ «ሐዲድ አሳች» ብሎታል። መነሻው ግልጽ ነው፤ ዕቃው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል ባቡርን ከሐዲዱ ከማስወጣት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ምስሉን እንዳለ ወደ አማርኛ ለማምጣት ተፈልጓል። ነገር ግን ሐዲድ ተዘርግቶ በማያውቅበት በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ምስሉ ምንም አያስታውስም። «አሳች» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ ሰውን ከቀና መንገድ ለሚያወጣ፣ ይልቁንም ለሰይጣን የሚነገር ስለሆነ፣ ቃሉ በተነበበ ቁጥር ሰሚዎቻችን ይስቁ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ለዚህ ዕቃ በጠጋኞች አፍ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቃል መኖሩ ነው። ካምቢዮ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን፣ በጣሊያንኛም የመኪናውን ማርሽ መቀየሪያና የብስክሌቱን የኋላ መሻገሪያ አንድ ላይ የሚጠራ ነው። የእኛ መካኒኮች ቃሉን ከመኪና ያውቁታል፤ ወደ ብስክሌት ማሸጋገር ለእነርሱ ምንም አይከብዳቸውም።

በጠቅላላው የብስክሌትና የመኪና ጥገና አማርኛ በጣሊያንኛ ቃላት የተሞላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። እነዚህ ቃላት የአማርኛን የቃል አገባብ ተቀብለው፣ ብሎኑ፣ ካቴናዋ፣ ፍሬናም እየተባሉ የሚኖሩ ናቸው። ረቂቁ ካቴናን «ሰንሰለት»፣ ብሎንን «ጠምዛዥ ችንካር» ሲል ቋንቋውን ያበለጸገ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ያደረገው ጠጋኙን በራሱ ሙያ እንግዳ ማድረግ ነው። ሰንሰለት የሚለው ቃል ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ለአጠቃላይ ንባብ አይከፋም፤ «ጠምዛዥ ችንካር» ግን ከወረቀቱ ውጭ ሕይወት የለውም።

ከዚህ የከበደው የስም ጉድለት የሚገኘው አዲስ ቃል በተፈጠረበት ስፍራ ሳይሆን፣ የቆየው ቃል ያለ ልዩነት በተሠራበት ስፍራ ነው። ረቂቁ «ማርሽ» የሚለውን ቃል በሦስት ፍች ይጠቀምበታል፤ ለክቡ ባለ ጥርስ ብረት፣ ብስክሌቱ ለሚገኝበት የፍጥነትና የጉልበት ደረጃ፣ እንዲሁም ለመቀየሪያው ዕቃ። በዚህም ምክንያት «ማርሹን ወደ ትልቁ ማርሽ አምጥተው ማርሹን ያስተካክሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ አግኝተናል። በንግግር ጊዜ ይህ አይጎዳም፤ ተናጋሪው በጣቱ ያመለክታልና። መምሪያ ግን ጣት የለውም። እኛ ማርሽን ለደረጃው ብቻ እንድንተው፣ ብረቱን «ክብ ጥርስ»፣ ዕቃውን «ካምቢዮ» እንድንል እናሳስባለን።

ከስም ስሕተቶች ሁሉ አደጋ የሚያስከትለው ግን የሁለቱ ማገጃ ብሎኖች ስም ነው። በዕቃው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉት ምልክቶች «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ማርሽን የሚያመለክቱ ስለሆኑ፣ ረቂቁ «ከፍተኛ ገዳቢ» እና «ዝቅተኛ ገዳቢ» ብሎ ተርጉሟቸዋል። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው፤ አንባቢውን ግን ያስታል። ሸኮ ላይ የጠየቅናቸው አንዱ «ከፍተኛ» የተባለው ከሁለቱ ብሎኖች በላይ በኩል ያለው ነው አሉን። ሌላው ደግሞ «ከፍተኛ» ማለት ትልቁን ክብ ጥርስ የሚመለከት ነው አሉን። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ በብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ ከፍተኛው ማርሽ የሚገኘው በትንሹ ክብ ጥርስ ላይ ነው። ሾፌሮቻችንም ቁልቁለት ላይ «ከባድ ማርሽ» የሚሉት ዝቅተኛውን ስለሆነ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ሁለቱን ብሎኖች ያለዋወጠ ሰው ካምቢዮውን ከትልቁ ክብ ጥርስ አሳልፎ በቸርኬው ሽቦዎች መካከል እንዲገባ ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ ጎማው በድንገት ይቆማል፤ ብስክሌተኛውም ይወድቃል። ስለዚህ ከምልክቶቹ ፍች ይልቅ ከተግባራቸው በመነሣት «የውስጥ ገዳቢ» እና «የውጭ ገዳቢ» ብንላቸው ይሻላል። የውስጡ ካምቢዮውን ወደ ጎማው ሽቦዎች እንዳይገባ ይገድበዋል፤ የውጩ ከትንሹ ክብ ጥርስ አልፎ ካቴናውን እንዳይጥል ይገድበዋል። በዚህ ስያሜ ከጠየቅናቸው ሰዎች የተሳሳተ አላገኘንም።

3. ሁሉን የሚውጥ ግስ

የሙያ ቃላት ሥራ በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ስም መቁጠር ሆኖ ቆይቷል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሞ እስከ ወጣበትና ከዚያም ወዲህ፣ ክርክራችን በአብዛኛው የሚያተኩረው ይህ ዕቃ ምን ይባል በሚለው ላይ ነው። ዕቃው ምን ይደረግ የሚለው፣ ማለትም የግሱ ጉዳይ፣ እንደ ቀላል ነገር ለተርጓሚው ይተዋል። የዚህ ረቂቅ ዋና ጉድለትም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከላይ የዘረዘርናቸውን አራት ተግባራት ረቂቁ ሁሉንም «ማስተካከል» ይላቸዋል። የጎበጠውን መንጠልጠያ ማቅናት ማስተካከል ነው፤ ክፍተቱን መለካት ማስተካከል ነው፤ በቁልፍ ፈቀቅ ማድረግ ማስተካከል ነው፤ ገዳቢውን ብሎን ማዞርም እንዲሁ ማስተካከል ነው። ውጤቱን ለማየት አንድ የረቂቁን መመሪያ መውሰድ ይበቃል፤ «ካቴናው ድምፅ ካሰማ ካምቢዮው ይስተካከል» ይላል። በእንግሊዝኛው የታሰበው ሦስተኛው ተግባር፣ በቁልፍ የሚደረገው ነው። ሸኮ ላይ ይህን ያነበበው ጠጋኝ ግን ካቻቢቴ አነሣ። አልተሳሳተም፤ ካምቢዮ የሚስተካከለው በካቻቢቴ መሆኑን ከልምዱ ያውቃልና። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

ተርጓሚው ራሱ ችግሩ ሳይታየው አልቀረም፤ በአንድ ስፍራ ላይ ሦስተኛውን ተግባር «ውጥረት ማስተካከል» ብሎታል። ይህ ግን የባሰ ነው። መወጠር የገመድ ነገር ነው፤ በአሮጌው ብስክሌት ላይ በእርግጥ የሚወጠር የብረት ገመድ ነበር፤ በኤሌክትሮኒኩ ላይ የሚወጠር ነገር የለም። ዕቃው ሲለወጥ የቀድሞው ግስ ያለ ቦታው ቀርቶ ሠራተኛው የሌለ ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል።

አማርኛ ግን በግስ ድኻ አይደለም። ለመንጠልጠያው ማቅናት የሚለው ግስ አለ፤ የጎበጠን ነገር ወደ ቀጥታው መመለስ ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ለብሎኖቹ መገደብ አለ፤ የውሃ ግድብን የሚያውቅ ሁሉ ሐሳቡን ያውቀዋል። ለሦስተኛው ተግባር እኛ ማረም የሚለውን እንመርጣለን። ደብተር ያረመ ሁሉ እርማት ዋናውን እንዳለ ትቶ ጥቂት በጥቂት የሚከናወን መሆኑን ያውቃል፤ የቡናውን ማሳ የሚያርም ገበሬም ተክሉን ትቶ ትርፉን ያነሣል፣ ሥራውንም ደጋግሞ ይመለስበታል። በቁልፍ የሚደረገው ፈቀቅታም እንዲሁ ነው።

ለክፍተቱ የሚሆነውን ግስ ያገኘነው ከቡና ሥራ ነው። በእሸት ቡና መፈልፈያ ላይ የሚሠራ ሰው በሚሽከረከረው ክፍልና ፊት ለፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት አጥብቦ ያውቃል። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይቆስላል፤ ከሰፋ ገለባው ሳይለቅ ያልፋል። የካምቢዮውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ላይኛው መንኮራኩር ወደ ትልቁ ክብ ጥርስ ከተጠጋ ይፈጫል፣ ከራቀ ካቴናው ፈጥኖ አይሻገርም። ይህን በመፈልፈያው ምሳሌ ስናስረዳ ወዲያው ተረዱን፤ ማብራሪያችንን ሳንጨርስ አንዱ ጠጋኝ ራሱ ቀጠለልን። ሆኖም በመፈልፈያው ላይ የሚነገረውን «ማጥበብ» እንዳለ ለመውሰድ አመነታን፤ ቀጥሎ በምንገልጸው ምክንያት «ማጥበቅ» ከሚለው ጋር በአንድ ፊደል ብቻ መለየቱ ያሰጋልና። ስለዚህ «ማቀራረብ» እና «ማራራቅ» ይሁኑ እንላለን።

4. ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

አሁን የዚህን ጽሑፍ ርእስ ወደ ሰጠን ነገር እንመጣለን። በረቂቁ ውስጥ ያለ ሽቦ የሚሠራውን ካምቢዮ ከቁልፎቹ ጋር ስለ ማጣመር በተጻፈው ክፍል እንዲህ የሚል ይገኛል፤ «ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ካምቢዮው ይጠብቃል»። ተርጓሚው ማለት የፈለገው ካምቢዮው መልእክት እስኪመጣለት ድረስ ይቆያል፣ ይታገሣል ነው። ጽሑፉን ከፍ ባለ ድምፅ ያነብልን የነበረው ወጣት ግን «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ‹ብ›ን አላልቶ አነበበው። ያን ጊዜ አብሮት የተቀመጠው ሽማግሌ ጠጋኝ መፍቻውን ወደ ብሎኑ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ገና ነው፤ አልጨረስኩም» አለው ወጣቱ።

«ይጠብቃል አላልክም እንዴ?» ብሎ መለሰለት።

ነገሩ ለአንባብያን ግልጽ ነው። ዘበኛው በሩን ጠበቀ ስንልና ብሎኑ ጠበቀ ስንል፣ በኃላፊ ጊዜ ሁለቱም በአነባበብም በጽሕፈትም አንድ ናቸው። በትንቢት ጊዜ ግን አነባበባቸው ይለያያል፤ ለመቆየትና ለመጠበቅ ‹ብ› ጠብቆ፣ ለመጥበቅ ላልቶ ይነበባል። ፊደላችን ግን ሁለቱን በአንድ መልክ «ይጠብቃል» ብሎ ይጽፋቸዋል። የሚያስደንቀው፣ የዚህኑ የድምፅ ልዩነት ስም እንኳ ከብሎን የወሰድነው መሆኑ ነው፤ ጠብቆና ላልቶ ይነበባል እንላለንና።

አማርኛን ከእናቱ የተማረ አንባቢ ከአገባቡ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ በትክክል ያነባል። ነገር ግን አገባቡ ራሱ እዚህ አይረዳም፤ በብሎን በተሞላ መምሪያ ውስጥ ካምቢዮ ሊጠብቅም ሊጠበቅም ይችላልና። አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ለተማረ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ይህም ከጆሮ ማነስ የመጣ እንዳልሆነ አበክረን መናገር እንወዳለን። ሸኮኛ አራት፣ ቤንችኛም ከዚያ የበዙ የቃና ደረጃዎች እየለየ ፍች የሚለውጥባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ተናጋሪዎቻቸው ብዙዎቻችን የማንሰማውን ልዩነት ይሰማሉ። ጉድለቱ በጆሯቸው ሳይሆን በጽሕፈታችን ላይ ነው፤ ጆሮ የሚለየውን ፊደሉ ካልለየ ማንም ሰው ከወረቀት ላይ ሊሰማው አይችልም።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በኤሌክትሮኒክ ካምቢዮ ላይ ገዳቢው ብሎን ከልክ በላይ ከጠበቀ ካምቢዮው ወደ መጨረሻው ክብ ጥርስ መድረስ ያቅተዋል፤ ሞተሩም ከብሎኑ ጋር እየታገለ ባትሪውን ይጨርሳል። መታገሥ የሚገባው ሰው ባጠበቀ ጊዜ የሚበላሸው ዕቃ ዋጋው ከብስክሌቱ የሚተካከልበት ጊዜ አለ።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። በመምሪያ ጽሑፍ ላይ የትንቢት ጊዜን ትተን በትእዛዝ አንቀጽ ብንጽፍ፣ ያውም በአክብሮት፣ «ያጥብቁ» እና «ይጠብቁ» በፊደል ይለያሉ። «ይጥበቅ» እና «ይጠብቅ»ም እንዲሁ። ለበለጠ ጥንቃቄ ለመጠበቅ ምትክ «ይቆዩ» ወይም «ይታገሡ» ቢባል ስሕተት የሚገባበት በር ይዘጋል። እኛም ይህን ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ማጥበቅ ለብሎን ብቻ ይቅር።

«ቁልፍ» የሚለው ቃልም ከዚህ ጋር የሚነሣ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ቁልፍ ማለት መፍቻ ነው፤ ጠጋኝ ረዳቱን አሥራ ሁለት ቁልፍ አቀብለኝ ይላል። ረቂቁ ቁልፍን ለሚጫነው የኤሌክትሪክ ቁልፍም ለብረቱ መፍቻም ስለተጠቀመበት፣ «ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ» የሚለው ራሱ ሁለት ፍች ነበረው። ሽማግሌው ጠጋኝ መፍቻ የዘረጋው በሁለት ቃላት ተመርቶ ነው። ብረቱ መፍቻ ይባል፤ ቁልፍ ለሚጫነው ይተው።

5. ስለ ባትሪና ስለ ውሃ

በእንክብካቤው ክፍል ላይ ሁለት ነገሮች ብቻ እናነሣለን። አንደኛው «መጫን» የሚለው ግስ ነው። ረቂቁ ቁልፍን መጫን፣ ባትሪን በኤሌክትሪክ መሙላትና ሶፍትዌርን ማስገባት ሦስቱንም መጫን ይላቸዋል። «ባትሪውን ከረጅም ጉዞ በፊት ይጫኑት» ተብሎ የተነገረው ሰው ባትሪውን በጣቱ ቢጫነው በእርሱ አይፈረድም። ሕዝቡ ስልኩን ቻርጅ አደርጋለሁ እያለ በየዕለቱ ይናገራል፤ ባትሪውም ቻርጅ ይደረግ። ሶፍትዌሩ ይታደስ። መጫን ለቁልፉ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ረቂቁ ዕቃው «ውሃ አያስገባም» ብሎ ያልፋል። አምራቾች የሚሉት ግን ዕቃው በዝናብ ለመጓዝ የሚያስችል መከላከያ እንዳለው፣ ነገር ግን ሆን ብሎ ውሃ ውስጥ መንከር ወይም በኃይል በሚረጭ ውሃ ማጠብ እንደማይገባ ነው። ዝናብ በማይለየው በሚዛንና በቴፒ አገር ጭቃ የበላው ሞተር ብስክሌት ወደ ላቫጆ ይወሰዳል፤ በላቫጆ ደግሞ ውሃው የሚወጣው በኃይል ተገፍቶ ነው። ውሃ አያስገባም የተባለ ዕቃ ወደዚያ ቢወሰድ ወሳጁ የታዘዘውን አድርጓል። «ዝናብ ይችላል፤ ላቫጆ አይወሰድ» የሚለው ስድስት ቃል የማይሞላ ዓረፍተ ነገር ረቂቁ በአንድ ገጽ ካተተው ይልቅ ዕቃውን ያድናል። ከታጠበ በኋላ ካቴናው ደርቆ ዘይት እንዲቀባ፣ ባትሪው የሚሰካበትም ስፍራ በደረቅ ጨርቅ እንዲጠረግ መጨመር አይከፋም።

6. የረቂቁ በጎ ጎን

ሂስ ጉድለትን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ፍርዱ ሙሉ አይሆንም። ረቂቁ የሚመሰገንባቸው ስፍራዎች አሉት። የባትሪውን መብራት በተመለከተ «በርቶ ሲቆይ» እና «ብልጭ ድርግም ሲል» ብሎ መለየቱ እጅግ የተዋጣ ነው። ልዩነቱ ፍሬ ያለው ነው፤ ለምሳሌ በስራም ዕቃ ላይ አረንጓዴ መብራት ከ15 እስከ 60 ሰዓት የሚያስኬድ ኃይል መኖሩን፣ ቀይ በርቶ ሲቆይ ከ5 እስከ 15 ሰዓት መቅረቱን፣ ቀዩ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ከ5 ሰዓት ያነሰ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ሁሉ ያለ ማብራሪያ ገብቶታል። «ማጣመር» የሚለውም ቁልፉንና ካምቢዮውን ለማስተዋወቅ የተመረጠ መልካም ግስ ነው። እንዲሁም በቁልፎቹ ውስጥ ስለሚገባው ትንሽ ክብ ባትሪ፣ ሕፃናት እንዳይውጡት ከእጃቸው ይራቅ ሲል የሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ቃሉ አጭርና የማያሻማ በመሆኑ ለምሳሌነት የሚበቃ ነው።

በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ተርጓሚው የተሳካለት አዲስ ስም ስለ ፈጠረ አይደለም። ሕዝቡ በየቀኑ የሚናገረውን ግስ በተገቢው ስፍራ ስላስቀመጠ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ብንሰበስበው የሚከተለው ይሆናል።

ሀ. ሙያው የለመዳቸው ቃላት፣ ከየትም ይምጡ፣ ይጠበቁ፤ ካምቢዮ፣ ካቴና፣ ብሎን፣ ቸርኬ በስፍራቸው ይቀመጡ። ነገር ግን አንድ ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ይሠራ፤ ማርሽ ለደረጃው፣ ክብ ጥርስ ለብረቱ፣ ካምቢዮ ለዕቃው፣ ቁልፍ ለሚጫነው፣ መፍቻ ለሚያጠብቀው።

ለ. ስያሜ ከባዕዱ ቋንቋ ፍች ሳይሆን ከዕቃው ተግባር ይነሣ፤ የውስጥ ገዳቢና የውጭ ገዳቢ እንደተባለው።

ሐ. የሙያ ቃላት ዝርዝር በግስ ይጀመር። ማቅናት፣ ማቀራረብና ማራራቅ፣ ማረም፣ መገደብ፣ ማጥበቅና ማላላት፣ መቆየት፣ ማጣመር፣ ቻርጅ ማድረግ፣ ማደስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስፍራ ይኑራቸው። ማስተካከል ለመምሪያው ርእስ ይቅር።

መ. በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለያዩ ቃላት በአንድ የሥራ መምሪያ ውስጥ ጎን ለጎን አይግቡ።

ሠ. ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ዕቃውን ለማያውቅ፣ ሙያውን ግን ለሚያውቅ ሰው በድምፅ ይነበብለት፤ አንባቢውም ቢቻል አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ይሁን።

የመጨረሻው ሐሳብ አዲስ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየከተማው የጥገና ቦታ አለ፤ በየጥገናው ቦታ እጁን ወደ ዕቃው ለመዘርጋት የተዘጋጀ ሰው አለ። እኛ ከሸኮ ስንመለስ ለረቂቁ አዘጋጅ የላክንለት አስተያየት ከዚህ ጽሑፍ ብዙም የተለየ አልነበረም። እርሱም ዝርዝሩን ከግሱ ጀምሮ እንደሚያድሰው ገልጾልናል። የታደሰው ረቂቅ በደረሰን ጊዜ ወደዚያው የጥገና ቦታ ይዘነው እንሄዳለን፤ ሽማግሌው ጠጋኝ «ይቆዩ» የሚለው ቃል ሲነበብለት መፍቻውን ካላነሣ፣ ቃሉ ለመዝገብ ደርሷል ማለት ነው።